የኦርጋን ተጫዋቹ ድርሻ

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)

ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የመረጥነው ርእስ የአንድ የሮክ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የሥራ ታሪክ ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ለዳንስ ምሽት ነው ወይስ ለውይይት?» እያሉ መቀለዳቸውን ሰምተናል። ቀልዱን በደስታ ተቀብለነዋል፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው ቢታገሡን ጉዳዩ እነሱንም የሚነካ መሆኑን እንደሚያዩት ተስፋ እናደርጋለን። የምናነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ብዙ ሰዎች አብረው አንድ ነገር ከሠሩ በኋላ የተሠራው ነገር የማን ይሆናል? ባለቤቱ ስሙ በወረቀት ላይ የሰፈረው ሰው ነው ወይስ እጁን ያገባበት ሁሉ?

ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከምንመረምረው በአንድ ሰው ሕይወት ብንመለከተው ይሻላል ብለን አሰብን። ሰውየው ማቲው ፊሸር የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ባንዱም ፕሮኮል ሃረም ይባላል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ኦርጋን በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። ድምፁ የሚገኘው ነፋስ በብዙ ቧንቧዎች ውስጥ ሲያልፍ ስለ ሆነ ትልቅ ሕንጻና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። በ1935 ሎረንስ ሃሞንድ የተባለ፣ ሰዓት በመሥራት ይተዳደር የነበረ አሜሪካዊ ያለ ቧንቧ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ለገበያ አቀረበ። በመሣሪያው ውስጥ ጠርዛቸው ጥርስ ያለው ትናንሽ የብረት ጎማዎች በሞተር ኃይል ይሽከረከራሉ፤ እያንዳንዱ ጎማ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲዞር ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይፈጥራል፤ ንዝረቱም በማጉያ ጎልቶ ድምፅ ይሆናል። ተጫዋቹ ከቁልፎቹ በላይ ያሉትን ትናንሽ ዘንጎች እየሳበና እየገፋ ድምፁን እንደ ወደደ ይቀምመዋል። ዶን ሌስሊ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ደግሞ የሚሽከረከር ድምፅ ማውጫ ስለ ሠራለት የኦርጋኑ ድምፅ እየራቀና እየቀረበ የሚርገበገብ ሆነ። የቧንቧ ኦርጋን ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ቤተ ክርስቲያኖች ይህን መሣሪያ ገዙት፤ ከዚያ ወደ ጃዝ፣ ቀጥሎም ወደ ሮክ ባንዶች ገባ።

በባንድ ውስጥ የኦርጋን ተጫዋች ቦታ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ነው። ዘፋኙ ከፊት ይቆማል፤ ጊታር ተጫዋቹ በመድረኩ ላይ ይመላለሳል፤ ኦርጋን ተጫዋቹ ግን ከዚያ ከባድ ሣጥን አጠገብ ተቀምጦ የሌሎቹን ድምፅ ሲያያይዝና ክፍተቱን ሲሞላ ያመሻል። በአገራችን ምሳሌ ብንናገር ሥራው በወጥ ውስጥ እንዳለ ሽንኩርት ነው። ዶሮ ወጥ ይባላል እንጂ ሽንኩርት ወጥ ብሎ የጠራው ሰው የለም፤ ነገር ግን ያለ ሽንኩርት ወጡ ወጥ እንደማይሆን ባለሙያዋ ታውቃለች።

ማቲው ፊሸር የተወለደው ከሎንዶን በስተደቡብ በሚገኘው በክሮይደን፣ በ1946፣ በማርች ወር በ7ኛው ቀን ነው። ሙዚቃን በትምህርት የቀሰመ፣ የጥንቶቹን የአውሮፓ ደራስያን ሥራ የሚያውቅ ወጣት ነበረ። በ1967 መጀመሪያ ላይ የራሱ ሃሞንድ ኦርጋን ነበረው፤ በዚያ ዘመን ይህ ለአንድ ወጣት ቀላል ሀብት አልነበረም።

በዚያው ጊዜ ጋሪ ብሩከር የተባለ ፒያኖ ተጫዋችና ዘፋኝ፣ ኪት ሪድ ከተባለ ገጣሚ ጋር ሆኖ ዘፈኖች ያዘጋጅ ነበር። ሪድ ግጥሙን ይጽፋል፤ ብሩከር ዜማውን ያወጣል። ከዘፈኖቻቸው አንዱ «ኤ ዋይተር ሼድ ኦቭ ፔል» የሚባለው ነው። ሁለቱ ሰዎች የዚህን ዘፈን የባለቤትነት መብት ለአንድ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ በጽሑፍ ያስተላለፉት በማርች 7 ቀን 1967 ነበረ። ልብ በሉ፤ ይህ ቀን ፊሸር 21 ዓመት የሞላበት ቀን ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ሰው አካለ መጠን አደረሰ የሚባለው በ21 ዓመቱ ነበረ። እንግዲህ ወጣቱ በሕግ ፊት ሙሉ ሰው በሆነበት ቀን፣ እሱ ገና በማያውቀው ክፍል ውስጥ፣ የወደፊት ሥራውን የሚመለከት ወረቀት ተፈረመ። ስሙ በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር፤ ገና ወደ ባንዱ አልገባምና።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ኦርጋኑን ይዞ ገባ። ልምምድ ሲጀመር ዘፈኑ ግጥም ነበረው፤ የሚዘፈን ዜማ ነበረው፤ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች የሚወርድ የቤዝ መሥመርም ነበረው። የጎደለው መግቢያና በአንቀጾቹ መካከል የሚሰማ ነገር ነው። ፊሸር በዚያ በሚወርደው ቤዝ ላይ ስምንት ባር የሚሆን የኦርጋን ዜማ አወጣ። የጀርመናዊውን የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን ሥራዎች መንፈስ የተከተለ ነው፤ ይሁን እንጂ ከባኽ ገልብጦ የወሰደው አይደለም። ዘፈኑ በዚህ ዜማ ይከፈታል፤ አንድ አንቀጽ ተዘፍኖ ሲያልቅ ይኸው ዜማ ይመለሳል፤ ዘፋኙ ሲዘፍንም ኦርጋኑ ከሥር ሌላ ዜማ እያወጣ አብሮት ይሄዳል። ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው አንጎራጉርልኝ ቢሉት ብዙውን ጊዜ የሚያንጎራጉረው ይህንኑ የኦርጋን ዜማ ነው።

ዘፈኑ በሎንዶን በኦሊምፒክ ስቱዲዮ ተቀርጾ በሜይ 12 ቀን 1967 በሸክላ ወጣ። አንድ ወር ሳይሞላው በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ በዚያም ቦታ ስድስት ሳምንት ቆየ። በአሜሪካም እስከ አምስተኛ ደረጃ ደረሰ። በዓለም ከ10 ሚሊዮን በላይ ቅጂ እንደ ተሸጠ ይነገራል። በ2009 በእንግሊዝ አገር በተደረገ ቆጠራ፣ ባለፉት 75 ዓመታት በአደባባይ ከተሰሙት ሸክላዎች ሁሉ ብዙ ጊዜ የተሰማው ይህ ሆኖ ተገኘ። በሸክላው ላይ በደራሲነት የታተሙት ስሞች ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ብሩከርና ሪድ።

ፊሸር በዚያ ጊዜ ዝም አለ ማለት አይደለም። ኋላ ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ እንዳረጋገጡት፣ ገና በ1967 ድርሻ እንደሚገባው ለጓደኞቹ ተናግሮ ነበር፤ ነገር ግን የሚሰማው አላገኘም። ከዚያ በኋላ አጥብቆ አልጠየቀም፤ አጥብቆ ቢጠይቅ ከባንዱ የሚወጣ መስሎት ነበርና። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዘፈኑ በየሬዲዮኑ ይሰማል፤ በየአገሩ ይጠራሉ። ከእኛ መካከል በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ዕድል ፊት ቆሞ «መጀመሪያ ወረቀቱን እንነጋገር» የሚል ስንት ሰው ይገኛል?

ከባንዱም ጋር ሦስት አልበሞች ሠራ። በ1967 በወጣው በመጀመሪያው አልበም ውስጥ «ሪፔንት ዋልፑርጊስ» የተባለው ያለ ግጥም የሚጫወት ድርሰት በስሙ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ድርሰት የማያውቅ ሰው አልነበረም። በ1968 «ሻይን ኦን ብራይትሊ»፣ በ1969 «ኤ ሶልቲ ዶግ» ተከተሉ። የመጨረሻውን አልበም በፕሮዲውሰርነት የመራው ፊሸር ራሱ ነው፤ ዕድሜውም ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ ነበረ። በዚያው ዓመት ከባንዱ ወጣ። ከዚያም በኋላ በ1973ና በ1974 በራሱ ስም አልበሞች አወጣ፤ የቀድሞ ባልደረባው ጊታር ተጫዋቹ ሮቢን ትራወር በ1974 ያወጣውንና ብዙ ስም ያተረፈለትን «ብሪጅ ኦቭ ሳይስ» የተባለውን አልበምም ፕሮዲውስ አደረገ። የሙዚቃው ገበያ ሲቀዘቅዝበት ግን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ተምሮ በዚያ ሙያ ተሠማራ። በ1991 ባንዱ እንደ ገና ሲሰበሰብ ተመልሶ ገባ፤ እስከ 2004ም አብሮ ቆየ። በነዚያ ዓመቶች ሁሉ በየመድረኩ የራሱን ዜማ ይጫወት ነበር፤ ዘፈኑ በየአገሩ በተሰማ ቁጥር የሚመጣው የደራሲ ገንዘብ ግን በደጁ አያልፍም ነበር።

በ2005፣ ሸክላው ከወጣ ከ38 ዓመት በኋላ፣ ፊሸር ክስ አቀረበ። በ2006 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሚስተር ጀስቲስ ብላክበርን ጉዳዩን ሰሙ። የብሩከር ወገን የተከራከረው፣ ዘፈኑ ፊሸር ከመግባቱ በፊት ተሠርቶ አልቋል፤ ፊሸር ያደረገው ማንኛውም ጥሩ ተጫዋች የሚያደርገውን ነው በማለት ነበር። ፊሸር በበኩሉ ያወጣው ዜማ የድርሰቱ ክፍል ነው፤ ግማሹ ይገባኛል አለ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለ ሆነ በጥንቃቄ እንድታስተውሉት እንለምናለን። በመጫወትና በመድረስ መካከል ልዩነት አለ። ያን ዕለት በስቱዲዮ ከበሮ የመታው ለዚያ ቀን የተቀጠረ ባለሙያ ነበር፤ የታዘዘውን በሚገባ ሠርቶ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ሄደ፤ ደራሲ ነኝም አላለም። ታዲያ ፊሸር ከእርሱ በምን ይለያል? ዳኛው የመለሱት መልስ እንዲህ ያለ ነው። ከበሮውን ሌላ ሰው ቢመታው ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው። የኦርጋኑ ዜማ ግን ራሱን የቻለ፣ በችሎታና በድካም የተገኘ አዲስ ሐሳብ ነው፤ ሌላ ተጫዋች ቢመጣ እንኳ የሚጫወተው ፊሸር ያወጣውን ነው። ስለዚህ ፊሸር ከደራሲዎቹ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ መሠረቱን የጣለው ብሩከር በመሆኑ ድርሻቸው እኩል አይደለም፤ ለፊሸር የሚገባው ከሙዚቃው መብት መቶኛ 40 ነው ብለው በዲሴምበር 2006 ፈረዱ። ለቀድሞዎቹ ዓመቶችም ፊሸር በዝምታው ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቅዶ እንደ ኖረ ተቆጠረ፤ ፈቃዱ ያበቃው ክሱን ባቀረበበት በሜይ 2005 ነው ተባለ።

ብሩከር ይግባኝ አለ። በ2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ፊሸር ከደራሲዎቹ አንዱ መሆኑን አጸና፤ ነገር ግን 38 ዓመት ሙሉ መዘግየቱ ከመጠን ያለፈ ስለ ሆነ ከገንዘቡ ምንም አይደርሰውም ብሎ ወሰነ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በዚህ አልተስማሙም። የብዙዎቹን ዳኞች ሐሳብ በአማርኛ ብንተረጉመው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደ ማለት ነው።

ፊሸርም በተራው ወደ መጨረሻው ችሎት፣ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ሄደ። ይህ ምክር ቤት በዚያ ዘመን የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ነበር፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር የዳኝነት ሥልጣኑ ወደ አዲሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ተላለፈ፣ የፊሸር ጉዳይ በምክር ቤቱ ከተወሰኑት የመጨረሻ ጉዳዮች አንዱ ሆነ። በጁላይ 30 ቀን 2009 አምስቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ ለፊሸር ፈረዱ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የድርሰት ባለቤት ነኝ ለማለት በእንግሊዝ ሕግ የተወሰነ የጊዜ ገደብ የለም። ሁለተኛ፣ መዘግየት መብትን ሊያሳጣ የሚችለው ሌላውን ወገን የጎዳ እንደ ሆነ ነው፤ እዚህ ግን የፊሸር መዘግየት ተከሳሾቹን ጠቀመ እንጂ አልጎዳም፤ ለ38 ዓመት የእርሱንም ድርሻ ሲበሉ ኖረዋልና። ሦስተኛ፣ ፊሸር መብቴን ትቻለሁ ብሎ ለማንም ቃል አልሰጠም።

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው። አሁን በዚህ አዳራሽ ሊነሡ የሚችሉትን ተቃውሞዎች እንመልከት።

የመጀመሪያው፣ እንዲህ ያለው ፍርድ ጓደኝነትን ያፈርሳል የሚል ነው። አብረው የበሉ፣ አብረው የተጓዙ ሰዎች በሽምግልናቸው በዳኛ ፊት መቆማቸው በእርግጥ ያሳዝናል። ብሩከር በ2022፣ ሪድም በ2023 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል፤ የወጣትነት ጓደኞች በዚህ ዓይነት ክርክር መለያየታቸውን የሚወድ የለም። ነገር ግን ጓደኝነቱን የጎዳው በ2005 የቀረበው ክስ ነው ወይስ በ1967 የተነሣውን ጥያቄ ለመስማት እንቢ ማለት? እኛ ሁለተኛው ነው እንላለን። ቁስልን ሸፍኖ ማቆየት እንደ መዳን አይቆጠርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። አንድ ኦርጋን ተጫዋች ይህን ካገኘ፣ ነገ ጊታር ተጫዋቹም፣ መለከት ነፊውም «እኔም ደራሲ ነኝ» እያለ ይመጣል፤ ማንም የዜማ ደራሲ ባንድ ሰብስቦ በሰላም ሊሠራ አይችልም ይላሉ። ፍርሀቱ ከንቱ ነው አንልም። ሆኖም ዳኛው የሄዱበት መንገድ ራሱ መልስ ይሰጣል። ለነካ ሁሉ ድርሻ አልሰጡም፤ ጠያቂው ያመጣው ነገር አዲስ ነው ወይ፣ ከሥራው ቢወጣስ ሥራው ያው ሆኖ ይቀራል ወይ ብለው መዘኑ። ለፊሸርም ቢሆን የጠየቀውን ግማሽ አልሰጡትም። ይህን መዝኖ የሚያውቅ ዳኛ እስካለ ድረስ የሚያስፈራ ነገር የለም።

ሦስተኛው፣ ዝም ያለ ሰው እንደ ተስማማ ይቆጠራል የሚል ነው። ይህ አነጋገር በእኛም አገር የተለመደ ነው። እኛ ግን ዝምታ ብዙ ዓይነት ነው እንላለን። የተስማማ ሰው ዝም ይላል፤ የፈራም ዝም ይላል፤ ቢናገር የሚሰማው እንደሌለ የተረዳም ዝም ይላል። የፈራውን ሰው ዝምታ እንደ ስጦታ መቁጠር ኃይለኛውን መሸለም ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዝምታ ዋጋ እንደሚያስከፍል መካድ አይቻልም። ፊሸር በመጨረሻው ችሎት አሸነፈ፤ ነገር ግን ያገኘው ከ2005 ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ዘፈኑ ትኩስ በነበረበትና በብዛት በተሸጠበት ዘመን የተሰበሰበው የ38 ዓመት ገንዘብ ቀርቶበታል። ሕጉ ስሙን መለሰለት እንጂ ወጣትነቱን አልመለሰለትም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን ይህን የሚመለከት ሕግ አለ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲንም የተጫዋችንም መብት ይጠብቃል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ተኝቶ የሚቀሰቅሰውን ሰው የሚጠብቅ ነገር ነው። የሚቀሰቅሰው ደግሞ መጀመሪያ ማን ምን እንደ ሠራ በግልጽ የመናገር ልማድ ነው። ይህ ልማድ በእኛ ዘንድ አለ ወይ?

የቡድን ሥራ ሲታዘዝልን የምናደርገውን አስቡ። አምስት ሆነን እንመደባለን፤ አንዱ ሌሊቱን ሲያነብና ሲጽፍ ያድራል፤ ሌላው ወረቀቱን ይጠርዛል፤ ሦስቱ በማግስቱ ስማቸው በትክክል መጻፉን ለማየት ይመጣሉ። በሽፋኑ ላይ አምስት ስም እኩል ይሰለፋል። መምህሮቻችን ፈገግ ማለታቸውን እናያለን፤ እነሱም ተማሪ ነበሩና። በድራማ ዝግጅትም እንዲሁ ነው። የደራሲውና የዋናው ተዋናይ ስም በትልቁ ይጻፋል፤ በልምምድ ላይ «ይህ ንግግር እንዲህ ቢሆን ይሻላል» ብላ አዳራሹን ያሳቀውን መሥመር ያመጣችው ልጅ ግን ስሟ የትም አይገኝም። ከዓመታት በኋላ ያ ድራማ በሬዲዮ ቢተላለፍ፣ ያ የቡድን ጥናት መጽሐፍ ሆኖ ቢታተም፣ ያኔ የሚነሣውን ክርክር ዛሬ ዘርተነዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ለኅብረታችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በጋራ የሚሠራ ማናቸውም ሥራ ሲጀመር፣ ፍቅር ገና ትኩስ ሳለ፣ ማን ምን እንደሚሠራ በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ ሥራው እየሄደ አዲስ ሐሳብ ያመጣ ሰው ሲገኝም ወረቀቱ ይታረም። የፊሸር ችግር የተወለደው ወረቀቱ በማርች ተፈርሞ፣ ዜማው ከዚያ በኋላ ሲጨመር ተመልሶ ያየው ሰው ባለመኖሩ ነው። ሁለተኛ፣ ድርሻዬ የት አለ ብሎ የሚጠይቅን ሰው ገንዘብ ወዳድ ወይም ጓደኛ ጠል አንበለው፤ በቀን የተጠየቀ ጥያቄ በቀን ይመለስ። ሦስተኛ፣ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው እንየው። በኅብረታችንም ውስጥ ወንበር የሚደረድር፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ጽሑፍ የሚያርም አለ። ሁሉም ደራሲ ነው አላልንም፤ የእያንዳንዱ ሥራ በየስሙ ይጠራ ነው የምንለው።

ክቡራን መምህራን፣ የተወደዳችሁ ጓደኞች፤ በሐሳባችን የማይስማሙ ጓደኞች እንዳሉ እናውቃለን፤ በተለይ የሕግ ተማሪዎች ስለ መዘግየት የምንለው የሚዋጥላቸው አይመስለንም። መድረኩ ለእነሱ ክፍት ነው። ጥያቄያችሁን ዛሬውኑ አቅርቡልን፤ 38 ዓመት አታቆዩት።